መድፍ በራሱ እግር ሲሄድ

(ስለ ሶቪየት ተሽከርካሪ መድፎች በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)

ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ የጦር መሣሪያ ነው። ከመካከላችሁ «መጽሐፍ ለያዘ ተማሪ መድፍ ምኑ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ይህ ነው፤ መድፍ ከሰማይ አይወርድም። በመሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ ይነደፋል፤ በፋብሪካ ይሠራል፤ ከመንግሥት ካዝና ይከፈልበታል፤ በመጨረሻም በውስጡ ሰው ይቀመጥበታል፤ አፈሙዙ በዞረበትም በኩል ሰው ይኖራል። ነዳፊው፣ የሒሳብ ዐዋቂውና በጀቱን የሚፈርመው ሹም ሦስቱም እንደዚህ ካለው አዳራሽ የወጡ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የወታደር ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው።

ለዚህ ንግግር የመረጥነው በሶቪየት ኅብረት ከ1942 ጀምሮ መንግሥቱ እስከ ፈረሰበት እስከ 1991 ድረስ የተሠሩትን ተሽከርካሪ መድፎች ነው። የራሳችን አቈጣጠር ነው ብለን ካልተናገርን በቀር የምንጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሐሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር። ማናቸውም መሣሪያ ሲሠራ አንድ ነገር ይቈጠባል። ወይ ጊዜ፣ ወይ ብረት፣ ወይ የራስ ወታደር ሕይወት ይቈጠባል። ይሁን እንጂ የተቈጠበው ነገር ዕዳ ሆኖ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል እንጂ ጠፍቶ አይቀርም። የሶቪየት ተሽከርካሪ መድፍ የ50 ዓመት ታሪክ የዚህ ዕዳ መተላለፍ ታሪክ ነው። አስቀድሞ መድፉ ውስጥ የተቀመጠው ወታደር ከፈለው፤ በኋላ ግን ከፋዩ ሌላ ሆነ።

መድፍ ከባድ ነገር ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ማስረዳት አያስፈልገንም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፋቸውን በ1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ ገደሉ እየተናደ፣ መንገዱ እየተጠረገ ጕዞው ወራት እንደ ፈጀ ሁላችን የምናውቀው ነው። የመድፉም ስም የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩስያ ምሽግ ከተማ ነው።

በአውሮፓም ቢሆን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አብዛኛው መድፍ በፈረስ ወይም በትራክተር ይጐተት ነበር። የሚጐተት መድፍ ከቦታው ሲደርስ ከጐታቹ ይፈታል፤ እግሮቹ ይዘረጋሉ፤ መሬት ይቈፈርለታል፤ ከዚያ በኋላ ይተኵሳል። እግረኛው ጦር ወደ ፊት ሲገፋ መድፈኞቹ መድፋቸውን በጭቃ ውስጥ በትከሻቸው እየገፉ፣ በመትረየስ ጥይት እየወደቁ ይከተሉታል። ካልቻሉም ከኋላ ይቀራሉ፤ እግረኛውም የጠላትን ምሽግ በጠመንጃ ብቻ ይጋፈጣል። ተሽከርካሪ መድፍ ማለት እንግዲህ ይህንኑ መድፍ በሰንሰለት በሚሄድ ሻንሲ ላይ ጭኖ፣ በራሱ ሞተር እንዲሄድና ሳይወርድ እንዲተኵስ ማድረግ ነው።

ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ ሲያይ ታንክ ይለዋል። ልዩነቱ ግን ከፍ ያለ ነው። ታንክ መድፉን የተሸከመ፣ በዙሪያው ሁሉ የሚዞር ማማ አለው፤ ራሱም ጠላትን ሰብሮ ለመግባት የተሠራ ነው። የጦርነቱ ዘመን ተሽከርካሪ መድፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚዞር ማማ አልነበረውም። መድፉ በፊት በኩል ተተክሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በላይ መዞር ሲያስፈልግ መኪናው በሙሉ በሰንሰለቱ ይዞራል። ይህ ለምን ተመረጠ ቢባል ምክንያቱ ቍጠባ ነው። ማማው የሚዞርበትን የብረት ቀለበት ለመቍረጥ ትልቅ ቶርኖ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ቶርኖ ደግሞ በጦርነት ጊዜ አይገኝም። ማማው ከቀረ ሥራው ይፈጥናል፤ ዋጋው ይቀንሳል፤ በዚያው ሻንሲ ላይም ታንኩ ሊሸከመው ከሚችለው የበለጠ መድፍ ይጫናል።

ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በጁን 1941 ሲወር ይህን ዐይነት መሣሪያ ከ1940 ጀምሮ በጦር ሜዳ ያሰልፍ ነበር። በሶቪየት በኩል በ1930ዎቹ ዓመታት ከተሞከሩት ጥቂት መኪናዎች በቀር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ፋብሪካዎቹም ከወራሪው ፊት ተነቅለው በባቡር ወደ ኡራል ተራሮች ተጓዙ። ሥራው እንዲጀመር የመከላከያ ኮሚቴው ያዘዘው በኦክቶበር 1942፣ የስታሊንግራድ ውጊያ በተፋፋመበት ወር ነው። ጊዜ አልነበረም።

የጊዜ እጥረት የሚያመጣውን ለማየት ሱ-76 የተባለውን የመጀመሪያውን ቀላል ተሽከርካሪ መድፍ መመልከት ይበቃል። መድፉ በቫሲሊ ግራቢን የተነደፈው ባለ 76 ሚሊሜትር መድፍ ነው፤ እርሱ ጥሩ ነበር። ሻንሲው ከቲ-70 ቀላል ታንክ የተወሰደ ነው፤ እርሱም የታወቀ ነበር። ችግሩ ከሞተሩ ላይ መጣ። አንድ ጠንካራ ሞተር ስላልተገኘ ሁለት የካሚዮን ዐይነት ሞተሮች ጐን ለጐን ተተከሉ፤ እያንዳንዱም በየራሱ ካምቢዮ በኩል ኀይሉን ይሰጥ ነበር። ሁለት በሬ አንድ ቀንበር ተጠምዶ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ሲዘገይ ቀንበሩ እንደሚሰበር ሁሉ፣ የሞተሮቹ ፍጥነት እኩል ባልሆነ ጊዜ ካምቢዮው ይሰበር ነበር። ብዙዎቹ መኪናዎች ጠላት ሳያዩ ተበላሹ። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በ1943 መጀመሪያ ላይ ሥራው ቆሞ ንድፉ እንደገና ታየ።

ለስሕተቱ ተጠያቂ ሰው ተፈለገ። የንድፉ ኀላፊ የነበሩት፣ አስቀድሞም ቲ-26 በተባለው ታንክ ሥራ የታወቁት መሐንዲስ ሴምዮን ጊንዝቡርግ ከቦታቸው ተነሥተው ወደ ጦር ግንባር ተላኩ፤ በኦገስት 1943ም በዚያው በግንባር ሞቱ። ወራት የሚፈጅ ሥራ በሳምንታት እንዲያልቅ ያዘዙት ግን በቦታቸው ቈዩ። እኛ መሐንዲስ ለመሆን የምንማር ሁሉ ይህን ስም ብናስታውሰው መልካም ነው። ጊዜ ተቈጥቦ ነበርና የመጀመሪያው ዕዳ የተጻፈው በነዳፊው ላይ ነው።

የተሻሻለው ሱ-76ኤም ሁለቱን ሞተሮች አንዱን ከአንዱ ኋላ በአንድ መሥመር አደረጋቸው፤ ነገሩም ተስተካከለ። ክብደቱ 10.5 ቶን፣ ሠራተኞቹ 4 ነበሩ። 14 ሺህ ያህል ስለ ተሠራ፣ በቍጥር ከታዋቂው ቲ-34 ታንክ ቀጥሎ የሚገኝ የሶቪየት ብረት ለበስ ሆነ። ይሁን እንጂ ጣራ አልነበረውም፤ በስተኋላም ክፍት ነበር። ወታደሮቹም በቀልድ «ከወገቡ በታች ያልለበሰ ፌርዲናንድ» የሚል ስም አወጡለት። ፌርዲናንድ 65 ቶን የሚመዝን የጀርመን ከባድ ተሽከርካሪ መድፍ ነበርና ቀልዱ የገባው ይስቅ ነበር።

ጣራ አለመኖሩ ጥቅም አልነበረውም አንልም። የባሩዱ ጢስ በቶሎ ይወጣል፤ ሠራተኞቹ ዙሪያቸውን ያያሉ፤ ከጐናቸው ከሚሮጠው እግረኛ ጋር በቃል ይነጋገራሉ፤ መኪናው ሲቃጠልም ዘለው ይወርዳሉ። እግረኛው ጦር ይህን መሣሪያ በጣም እንደ ወደደው ማርሻል ሮኮሶቭስኪ በትዝታ መጽሐፋቸው ጽፈዋል። መውደዱም ተገቢ ነው፤ መትረየስ ከመስኮት ሲተኵስበት ከኋላው ደርሶ መስኮቱን የሚያፈርስለት እርሱ ነበርና። ነገር ግን በሩስያ ክረምት ጣራ በሌለው ብረት ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሆነ መገመት ነው። በከተማ ውጊያ ከፎቅ የሚወረወር የእጅ ቦንብ፣ በሜዳም ከላይ የሚፈነዳ ጥይት ስብርባሪ በቀጥታ በሰዎቹ ላይ ይወርዳል። የሞተሩ ነዳጅ ቤንዚን ስለሆነም በቶሎ ይቀጣጠላል። ብረቱ ተቈጠበ፤ ከፋዮቹ አራቱ ሠራተኞች ሆኑ።

ከባዱ ወንድሙ ሱ-152 ነው። ጀርመኖች ነብር የሚል ስም የሰጡትን ከባድ ታንካቸውን ወደ ግንባር ባመጡ ጊዜ፣ በቼልያቢንስክ ከተማ በጆሴፍ ኮቲን የሚመራው የንድፍ ቡድን በጃንዋሪ 1943 ሥራ ጀምሮ አንድ ወር ሳይሞላ የመጀመሪያውን መኪና አወጣ። ከካቬ ታንክ ላይ ማማው ተነሥቶ በምትኩ ባለ 152 ሚሊሜትር ሃውትዘር ተተከለበት። የአንዱ ጥይት ክብደት ከ40 ኪሎ በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ጥይት የታንክን ብረት ባይበሳው እንኳ በምቱ ኀይል ማማውን ሊያፈርሰው ይችላል። በጁላይ 1943 በኩርስክ ውጊያ ላይ ከሁለት ደርዘን የማይበልጡት ተሰለፉ፤ ከዚያም በኋላ ነብርና ፓንተር የተባሉትን ታንኮች ይመታል ተብሎ «አውሬ ገዳይ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። መታ ተብሎ በዚያን ጊዜ የተነገረው ቍጥር የተጋነነ መሆኑን የኋላ ታሪክ ጸሓፊዎች አሳይተዋል። የመሣሪያው እውነተኛ ሥራ ምሽግ ማፍረስ ነበር፤ ተከታዩ ኢሱ-152 እስከ በርሊን ድረስ የሠራው ይህንኑ ነው።

ጕድለቱንም እንይ። ጥይቱና ባሩዱ ለየብቻ ስለሚጐርሱ በደቂቃ ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ይተኵስ ነበር። የሚይዘው ጥይት 20 ነው፤ ሲያልቅ ሠራተኞቹ እያንዳንዱን ከ40 ኪሎ የሚበልጥ ጥይት በእጃቸው እያነሡ በጠባብ በር ያስገባሉ። ማማ ስለሌለው ከጐን የመጣበትን አያይም፤ የመጀመሪያዎቹም መኪናዎች መትረየስ እንኳ አልነበራቸውም። ስለዚህ እግረኛ ካላጀበው ቤንዚን የሞላ ጠርሙስ የያዘ አንድ ወጣት ያቃጥለዋል። ይህም በኋላ በገሀድ ታየ። ሶቪየት ጦር በ1945 ከጀርመኖች እጅ ያወጣት የቡዳፔስት ከተማ በ1956 በሶቪየት ላይ ስትነሣ፣ ኢሱ-152ዎች በጎዳናዎቿ ገብተው ፎቆቹን ደበደቡ፤ ጥቂቶቹም በጠባቡ መንገድ ላይ ተቃጥለው ቀሩ። በአንድ ዘመን ነጻ አውጪ ተብሎ አበባ የተበተነለት መሣሪያ ዐሥራ አንድ ዓመት ሳይዘገይ ሌላ ሥራ ተሰጠው።

በቲ-34 ሻንሲ ላይ የተሠሩትን ሱ-122፣ ሱ-85 እና ሱ-100ን በስም ብቻ ጠቅሰን እናልፋለን። የመጨረሻው ባለ 100 ሚሊሜትር መድፍ ሲሆን በማርች 1945 በሃንጋሪ በባላቶን ሐይቅ አጠገብ የጀርመንን የመጨረሻ ትልቅ ማጥቃት ከመለሱት መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ በኋላም በግብፅ እጅ በ1956ቱ የሱዌዝ ጦርነት ታይቷል።

አሁን ከጦርነቱ ወደ ሰላሙ ዘመን እንሻገር። ከ1945 በኋላ ተሽከርካሪ መድፍ በሶቪየት አገር ወደ ኋላ ተተወ። ኒኪታ ክሩሽቼቭ ሮኬት ካለ መድፍ ምን ያደርጋል የሚል አስተሳሰብ ነበራቸው። ያ ቀድሞ የጠቀስነው የግራቢን የንድፍ ቢሮ በ1959 ተዘጋ። በእነዚህ ዓመታት ጐልተው የታዩት ለአየር ወለድ ጦር የተሠሩት ቀላል መድፎች ብቻ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነውን አሱ-57ን የምናነሣው ወደ አገራችን ስለ መጣ ነው። ክብደቱ 3 ቶን ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ሞተሩ ፖቤዳ ከተባለችው የቤት መኪና የተወሰደ ነው፤ የብረቱ ውፍረት አንድ ሳንቲሜትር አይደርስም፤ ጣራም የለውም። ከአውሮፕላን እንዲወርድ ሲባል ከክብደት በቀር ሌላ ነገር አልታሰበም ማለት ይቻላል። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ በ1978 መጀመሪያ ወራት ይህ መድፍ ሚ-6 በተባሉ ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች ተጭኖ በተራራው ላይ አልፎ ካራማራን ከያዘው የሶማሊያ ጦር በስተኋላ እንደ ወረደ የጦርነቱ ታሪክ ይናገራል። ጅጅጋም በእኛ አቈጣጠር የካቲት 26 ቀን 1970 ዓመተ ምሕረት ተመለሰች። በዚያ ስስ ብረት ውስጥ ተቀምጠው ከሰማይ ወደ ጠላት ጀርባ የወረዱት ሰዎች ድፍረት ሊመዘገብ ይገባዋል።

አሜሪካኖች በ1963 ኤም-109 የተባለውን ባለ ማማ ተሽከርካሪ ሃውትዘር ለጦራቸው ሰጡ። የሶቪየት መሪዎች ከኋላ እንደ ቀሩ ገባቸው፤ በጁላይ 1967ም አዲስ የተሽከርካሪ መድፍ ቤተሰብ እንዲሠራ ትእዛዝ ወጣ። ከዚህ ትእዛዝና ከተከታዮቹ ከተወለዱት መሣሪያዎች ለብዙዎቹ የአበባ ስም ተሰጣቸው። በ1970 ለጦሩ የተሰጠው ባለ 122 ሚሊሜትሩ ግቮዝዲካ ነው፤ ትርጓሜው ካርኔሽን የምንለው አበባ ነው። በ1971 የተከተለው ባለ 152 ሚሊሜትሩ አካትሲያ ነው፤ ይህም ግራር ማለት ነው። 130 ኪሎ የሚመዝን ቦንብ የሚወረውረው ባለ 240 ሚሊሜትር ሞርታር ቲዩልፓን ይባላል፤ ቱሊፕ ነው። 28 ኪሎሜትር የሚተኵሰው ጊያትሲንት ነው። የሁሉ ታላቅ ባለ 203 ሚሊሜትሩ ፒዮን ነው፤ ክብደቱ 46 ቶን፣ ጥይቱ 110 ኪሎ፣ የሚደርስበትም ርቀት ከ37 ኪሎሜትር በላይ ነው። በአገራችን ስም መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እነዚህን ስሞች ያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን ጽሕፈት ቤት ነው።

ግቮዝዲካን ከሱ-76 ጋር ብናስተያየው የዘመኑ ፍርሃት ወለል ብሎ ይታየናል። ሱ-76 ክፍት ነው፤ ግቮዝዲካ ፍጹም የተዘጋ ነው። የተዘጋውም በብርድ ምክንያት አይደለም። በአውሮፓ ሜዳ ላይ ጦርነት ቢነሣ ኑክሌርና መርዝ ጋዝ ይኖራል ተብሎ ስለ ታሰበ፣ አየሩ በማጣሪያ እየገባ አራቱ ሠራተኞች በተመረዘ ምድር ላይ እንዲያልፉ ነው። ድልድዩ ሁሉ ይፈርሳል ተብሎ ስለ ተገመተም በውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ ተደረገ። የሚዞር ማማም አለው። ያ የታሰበበት ጦርነት ሳይደርስ ቀረ፤ መድፎቹ ግን ተሠርተው ነበርና ሌላ ጦርነት አገኛቸው። ከ1979 እስከ 1989 በአፍጋኒስታን ተራሮች ውስጥ፣ ለአውሮፓ ሜዳ በተነደፈ ብረት ተዋጉ።

ከመሣሪያው ይልቅ የተለወጠው ግን የመተኰሱ ዘዴ ነው፤ የንግግራችንም ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። መድፍ በሁለት መንገድ ይተኰሳል። አንደኛው እያዩ መተኰስ ነው። ተኳሹ ዒላማውን በመነጽሩ ያያል፤ ይተኵሳል፤ መምታቱንም መሳቱንም በዐይኑ ያረጋግጣል። የ1943 ተሽከርካሪ መድፎች በአብዛኛው የሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ተኳሹ ዒላማውን ሲያይ ዒላማውም እርሱን ያያል፤ አደጋው ለሁለቱም እኩል ነበር ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ሳያዩ መተኰስ ነው። መድፉ ከኰረብታ ጀርባ ይቆማል። ከፊት ያለው ተመልካች ዒላማው ያለበትን ቦታ በካርታ ቍጥር ያስተላልፋል። ሒሳብ ሠሪዎቹ ርቀቱን፣ የከፍታውን ልዩነት፣ ነፋሱን፣ የአየሩንና የባሩዱን ሙቀት፣ አፈሙዙ በመተኰስ ብዛት የመበላቱን መጠን እንኳ ሳይቀር ያሰላሉ። ለመድፈኛው የሚደርሰው ወዴት እንደሚዞርና ምን ያህል ቀና እንደሚያደርግ የሚነግሩት ቍጥሮች ብቻ ናቸው። እነ ግቮዝዲካና አካትሲያ በዋናው ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ጠላትም ራዳር አለው፤ የጥይቱን መንገድ በአየር ላይ ይይዝና ወደ ኋላ አስልቶ የተተኰሰበትን ቦታ ያገኛል። ስለዚህ መድፉ ጥቂት ተኵሶ መልስ ሳይመጣበት ቦታ መልቀቅ አለበት። መድፍ በራሱ እግር መሄዱ ሕይወት አዳኝ የሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጐተተው መድፍ እግሩን እስኪያጥፍ መልሱ ይደርሳል።

መሄዱም ብቻ አይበቃም፤ ጥይቱም አብሮት መሄድ አለበት። ፒዮን በራሱ ላይ የሚይዘው 4 ጥይት ብቻ ነው፤ ቀሪው በካሚዮን ይከተለዋል። አንድ ሻለቃ 18 ግቮዝዲካ ቢኖረውና እያንዳንዱ በውስጡ ያለውን 40 ጥይት ቢተኵስ 720 ጥይት ነው፤ አንዱ ጥይት ወደ 22 ኪሎ ስለሚመዝን ባሩዱና ቀለሁ ሳይቈጠር 16 ቶን ያህል ብረት ማለት ነው። ያውም ለጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ድኻ አገር እንዲህ ያለ መሣሪያ በስጦታም ሆነ በብድር ቢቀበል፣ ስጦታው መድፉ ነው፤ ጥይቱና የመለዋወጫ ዕቃው ግን ዘወትር የሚከፈል ዕዳ ነው።

እንግዲህ ዕዳው ወዴት እንደ ተላለፈ እንጠይቅ። የተዘጋው ብረት፣ ርቀቱና ፍጥነቱ የመድፈኛውን ሕይወት ቈጥበዋል፤ ይህ መልካም ነገር ነው፤ የመድፈኛም እናት እናት ናት። ነገር ግን መሪ የሌለው ጥይት ከሩቅ ሲተኰስ አንድ ነጥብ ላይ አይወድቅም፤ ተበታትኖ ይወድቃል። ስለዚህ አንዱን ዒላማ ለመምታት ብዙ ጥይት ይተኰሳል። በሜዳ ላይ የሳተው ጥይት አፈር ይቈፍራል፤ በከተማ ግን የሳተው ጥይት የሰው ቤት ያገኛል። በ1999 እና በ2000 የግሮዝኒ ከተማ ስትደበደብ ከተተኰሱባት መሣሪያዎች አንዱ ያ ቱሊፕ የተባለው ሞርታር ነው። 130 ኪሎ የሚመዝነው ቦንብ ባለ ብዙ ፎቅ ቤትን ሰንጥቆ ገብቶ ይፈነዳል፤ ምድር ቤት የተጠለለውንም አይምርም። ተኳሹ ያየው ነገር የለም፤ የተነገረውን ቍጥር ሞላ። ከፋዩ ከወታደሩ ወደ ቤቱ ባለቤት የተዛወረው በዚህ ዐይነት ነው።

በ2022 የተጀመረው የዩክሬን ጦርነት የዚህን ታሪክ መጨረሻ ምዕራፍ አሳየን። ግቮዝዲካ፣ አካትሲያና ፒዮን በሁለቱም ወገን ተሰልፈው፣ ከአንድ መንግሥት ፋብሪካ የወጡ መድፎች እርስ በርሳቸው ተታኰሱ። ግቮዝዲካ የተሠራባት የካርኪቭ ከተማ ራሷ በመድፍ ተደበደበች። በ1970 በካርኪቭ የትራክተር ፋብሪካ ውስጥ ቡሎን ሲያጠብቅ የነበረ ሠራተኛ፣ ይህ ነገር አንድ ቀን በልጅ ልጆቹ ከተማ ላይ የሚሆነውን ሊገምት አይችልም ነበር። በዚያው ጦርነት የመድፈኛውም ዋስትና መልሶ ተነካ፤ ትንንሽ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ከላይ ሆነው ስለሚያዩ፣ መድፉ ቢሮጥም ይከተሉታል። ሠራተኞቹም በመኪናው ጣራ ላይ የሽቦ ወንፊት እየሠሩ፣ በዛፍ ሥር እየተደበቁ ይኖሩ ጀመር። በሱ-76 ዘመን አደጋው ከላይ እንደ መጣ ሁሉ፣ አሁንም ከላይ መጣ።

ክቡራን መምህራን፤ ውድ እኅቶችና ወንድሞች፤

ይህን ሁሉ የተናገርነው መድፍን ለማሞገስ አይደለም። የሶቪየት ሕዝብ በ1942 ያን መሣሪያ ባይሠራ ኖሮ ምን ይደርስበት እንደነበር እናውቃለንና ለመኰነንም አይደለም። ከጠላት ጋር በደጁ የተያያዘ ሕዝብ ያገኘውን ብረት ያነሣል። ነገር ግን ለመከላከል የተሠራው ብረት ከመከላከሉ ሥራ በኋላም ሳይቀልጥ ይኖራል፤ ባለቤቱን ይለውጣል፤ አገር ያቋርጣል፤ የአበባ ስም ይዞም ወደ ከተማ ይገባል።

ነገ ከእኛ መካከል አንዱ በንድፍ ጠረጴዛ፣ ሌላው በገንዘብ ሚኒስቴር፣ ሌላው በጦር አካዳሚ ይቀመጣል። በፊቱ የሚቀርብለት ወረቀት ጊዜና ገንዘብ የሚቈጥብ መሆኑን የሚያስረዳ ይሆናል። ወረቀቱ ከፋዩን አይጽፍም። ያን ጊዜ «ይህ ሥራ ለማን ቈጠበ፤ ቀሪውንስ ማን ይከፍላል?» ብሎ ሳይጠይቅ እንዳይፈርም አደራ እንላለን።

ከመምህራኖቻችንም ሆነ ከጓደኞቻችን የሚቀርበውን ጥያቄና ትችት ለመስማት ዝግጁ ነን።